አንድ ዓይን ያለው ፎቶግራፍ

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ ጠፋኝ።

ቅዳሜ ቀን ነበር፤ ከንፋስ መውጫ ከተማ ወደ ቤታችን የሚወስደውን የግማሽ ቀን መንገድ እየሄድሁ ነበር። ድምፁ አብሮኝ ነበር። አረማመዱም ነበር። ጋቢውን ወደ ትከሻው የሚመልስበት እጁም ነበር። ፊቱን ስፈልግ ግን ከአንገቱ በላይ ምንም የለም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የረሳሁት ስንኝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ዝም ብዬ ስጠብቀው ይመጣል። ይህ አልመጣም። ተነሥቼ መንገዴን ቀጠልሁ። አልደነገጥሁም፤ በዚያ ሰሞን የሚያስደነግጠኝ ነገር አልነበረም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ንፋስ መውጫ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እመታለሁ፣ የፈተና ወረቀት አባዛለሁ። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብሁ፣ የሰማሁትን በጣቴ እየቆጠርሁ ነው የለመድሁት። ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለትምህርት ቤት በዓል ግጠም ሲሉኝ እገጥማለሁ። በአባቴ ቀብር ቀን ግን አንዲት መስመር አልወጣኝም። አልቃሾቹ ሙሾ ሲያወርዱ ቆይተው ተራው ወደ እኔ ዞረ። ለቀስተኛው ጠበቀኝ።

«ለሰው ሠርግ ሲሆን አፍህ እንደ ወፍጮ ነው» አለች የአባቴ እኅት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች። «ለወለደህ ሲሆን ተዘጋ?»

እንባም አልነበረኝም። ከኋላዬ አንዱ «ከተማ ገብቶ ደርቋል» ሲል ሰማሁ፤ ልክ ነው ብዬ አሰብሁ።

ፊቱ ከጠፋኝ በኋላ ነው የመጽሐፉ ነገር የመጣው። ለአርባው ተዝካር የሚታደል፣ አባቴ ያለበት ትንሽ ነገር ልሥራ አልሁ። በትምህርት ቤታችን ከአዲስ አበባ የተመደበ አንድ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ ካሜራ አለው። በታኅሣሥ እኛ ቤት ይዤው ሄጄ፣ አውድማ ላይ አንድ ፊልም ሙሉ አንሥቶ ነበር። አባቴ በዚያ ፊልም ላይ ፊቱ የሚታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገብሱን በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ለነፋስ ሲሰጥ፣ አስተማሪው «አባቴ፣ እባክዎ ወደዚህ ይመልከቱ» ብሎት ነበር።

«ነፋሱ እኔን አይጠብቅም» አለው አባቴ። «አንተም ሥራህን ሥራ፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ።» ብሎ ቀኝ ጎኑን ሰጠው።

የግራ ዓይኑ ሞራ ነበረበት። እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ይዞር ነበር። ይህን እያወቅሁ በዚያ ቀን ልብ አላልሁትም፤ ሥራውን ወዶ መስሎኝ ነበር።

አስተማሪውን ሳማክረው አንድ ወረቀት አንሥቶ አሳየኝ። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ ስምንት ቤት ይሆናል። መሐሉ በምላጭ ይቀደዳል። ከሁለት ወገን ገፋ ሲያደርጉት ስምንት ገጽ ያለው መጽሐፍ ይሆናል፤ ክርም ስፌትም አይፈልግም። የሚታተመው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ጽሑፉን ሰም በተቀባ ወረቀት፣ በስቴንስል፣ እኔ አባዛለሁ፤ ፎቶግራፎቹን አስተማሪው ያጥባቸውና እንለጥፋቸዋለን። የፎቶግራፍ ወረቀቱ የሚያደርሰው ለአሥራ ሁለት ቅጅ ነበር። አራት ፎቶግራፍ መረጥሁ፦ ደጃችንን፣ በሬዎቹን፣ እናቴን ከወንፊቷ ጋር፣ አባቴን።

የመጀመሪያውን ስቴንስል አበላሸሁት። ስምንቱን ገጽ እንደሚነበበው ተራ በተራ፣ ሁሉንም ቀጥ አድርጌ መታሁ። አባዝቼ ሳጥፈው ግማሹ ገጽ በራሱ ቆመ፤ ስምንተኛው ገጽ ደግሞ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ተቀመጠ። የቀረኝ ስቴንስል ሁለት ነበር። የተበላሸውን ወረቀት ይዤ ወደ ደብራችን መሪጌታ ሄድሁ። የእናቴ አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ብራና ላይ ዳዊት ሲጽፉና ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ ሰው።

ደጃቸው ላይ፣ ቆዳ ከተወጠረበት እንጨት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ይህ ለማን ነው?» አሉ፣ የተገለበጡትን ገጾች በጣታቸው እየነኩ። «ታችኛው ለእኛ ነው። ላይኛው ጣራ ላይ ተሰቅሎ ለሚያነብ ነው?»

«ተሳስቼ ነው፣ የኔታ።»

«መሳሳትህንማ አየሁት። እናንተ የአስኳላ ልጆች መኪናው ያስብልናል ትላላችሁ።»

ንጹሕ ወረቀት ተቀበሉኝና ሦስት ጊዜ አጠፉት። ሳይዘረጉት፣ ጠርዙን ብቻ ገለጥ እያደረጉ፣ በመቃ ብዕራቸው ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጻፉ። ቀጥለው ወስፌ አነሡና በአራቱ ማዕዘን ስምንቱንም ድርብ ወጉት። ብራና ሲያሰምሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ አንዱን ከላይ ሲወጉት የታችኛውም ልኩን ያገኛል። ከዚያ ዘርግተው ሰጡኝ። ቁጥሮቹ ገሚሶቹ ቀጥ ብለው፣ ገሚሶቹ ተዘቅዝቀው፣ የማይሆን በሚመስል ቦታ ተቀምጠዋል።

«ከጎኑ የጻፍኸው ጎረቤቱ አይደለም» አሉ። «ቆዳም ሆነ ወረቀት ሲታጠፍ ጎረቤት ይለወጣል። መጀመሪያ እጠፍ፤ ቀጥለህ ቁጠር፤ ከዚያ ዘርጋ። ጽሑፍ ኋላ ነው የሚመጣ።» ደግሞ፦ «ግጥም አለበት?»

«የለበትም።»

«ባለቅኔው ምን ነካው?»

«አልመጣልኝም፣ የኔታ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ወደ ቆዳቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር። የጽሕፈት መኪናውን ሪባን አውጥቼ ሁለተኛውን ስቴንስል አስገባሁ። የታችኛውን አራት ገጽ መታሁ፤ ስቴንስሉን አወጣሁ፤ ራሱን ወደ ታች አዙሬ እንደገና አስገባሁና የላይኛውን አራት መታሁ። ጽሑፉ ብዙ አልነበረም። ከደጁ ሥር «ይህ ደጃችን ነው»፣ ከበሬዎቹ ሥር «በእነዚህ ያርስ ነበር»፣ ከእናቴ ሥር «እናቴ ገብስ ስትነፋ»። በአምስተኛው ገጽ ላይ ከአባቴ ሥር «አባቴ» ብቻ። ከእሱ ፊት ለፊት ያለውን አራተኛውን ገጽ ለግጥም ትቼው ነበር። ጣቴን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥሁ። ባዶውን ተውሁት።

ማባዣውን ቀለም አጠጣሁና እጀታውን አዞርሁ። ከበሮው በዞረ ቁጥር አንድ ወረቀት ይተፋል። አሥራ ሁለት ደኅና ቅጅ እስካገኝ ድረስ አዞርሁት። አንዱን አጥፌ ሞከርሁት፤ ገጾቹ ሁሉ በቦታቸው ቆሙ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ፎቶግራፉን ያጠብነው ጠመኔና ደብተር በሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መስኮቱን በሁለት ብርድ ልብስ ጋረድነው፤ የእጅ ባትሪ በቀይ ጨርቅ ጠቀለልን። ፊልሙን ወረቀቱ ላይ የሚጫን መስታወት አጣን። በመጨረሻ አስተማሪው ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ላይ መስታወቱን ፈትቶ አመጣ።

«ጋሼ፣ ሰው ቢመጣ ምን እንላለን?» አልሁት።

«እየወለወልነው ነው እንላለን። ደግሞ ለአንድ ከሰዓት አይበርዳቸውም።»

የእያንዳንዱን ቅጅ ወረቀት በውኃው ውስጥ እኔ ነበርሁ የማገላብጠው። የአባቴ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ላይዳው መጣ፤ ቀጥሎ አየር ላይ ያለው ገለባ፤ ቀጥሎ ጋቢው። በመጨረሻ ፊቱ መጣ፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አንድ ዓይኑ፣ ጢሙ። እንግዲህ አሁን ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተሰማኝም። ግን አወቅሁት። ግማሹን አገኘሁት አልሁ በሆዴ። አሥራ ሁለት ጊዜ ከውኃ አወጣሁት። ከስድስተኛው በኋላ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራ።

መስታወቱን መልሰን ሰቀልነው። ከስንዴ ዱቄት ሙጫ ሠርቼ፣ መሪጌታ በወስፌ የወጉትን ወረቀት እንደ ልክ እየያዝሁ ሁሉንም ለጠፍሁ፤ ሲደርቅ መሐላቸውን በምላጭ ቀድጄ አጠፍኋቸው። በእጅ ሲያዙ ከአንድ መዳፍ አይበልጡም። ጥሩ ሥራ ነበር። ይህን ለመናገር አላፍርም።

ተዝካሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ይዣቸው ወደ ቤት ገባሁ። ግቢው በሴቶች ተሞልቶ ነበር፤ ጠላ ይጠነሰሳል፣ እንጨት ይፈለጣል። መሪጌታ ስለ ካህናቱ ከእናቴ ጋር ሊነጋገሩ መጥተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ቅጅ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ገጾቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደጁን አዩ። በሬዎቹን አዩና «ቀዩ በሬ ራሱን መስሏል» አሉ። አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ መጽሐፉን ከደኑት።

«ይህ አይታደልም» አሉ።

«ለምን፣ የኔታ?»

«የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የተሣለው ማን ነው?»

ማወቅስ አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየበዓሉ ቆሜ ያየሁት ነው፤ ጻድቃኑ ሁሉ ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተው፣ ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ያዩናል። በጎን የተሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው፣ ይሁዳ ነው፣ ዲያብሎስ ነው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ዕቃ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ሳወጣው አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ይህ እኮ ሥዕል አይደለም» አልሁ። «ፎቶግራፍ ነው። የሣለው ሰው የለም፤ ብርሃን ነው ያደረገው።»

«ብርሃንም ያድርገው ጨለማ፣ የሚያየው ሰው ዓይን የለመደው ሥዕል ነው። ካህናቱ ፍትሐት ሊያደርጉለት መጥተው ይህን ስትሰጣቸው ምን ይላሉ? ልጁ አባቱን ከእነማን ጋር ቆጠረው አይሉም?»

የአባቴ እኅት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ሊያለቅስለት እንቢ ብሎ፣ ሲሥለው ደግሞ ከይሁዳ ጎን አቆመው» አለች።

«አንቺ ጠላሽን እዪ» አሏት መሪጌታ። ሄደች፤ ነገሩ ግን ከእሷ ጋር ወደ ግቢው ወጣ።

እናቴ መጽሐፉን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ማንበብ አትችልም፤ አምስተኛውን ገጽ ግን ለረጅም ጊዜ ያዘችው።

«ዓይኑን ለመሸሸግ ነው የዞረ» አለች። «ሰው ደግሞ መዞሩን አይቶ ሊኮንነው ነው።» ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞራ፦ «ፊት ለፊት ይሣሉልኝ። ከላይ ይለጠፍበት።»

ይህን ስትል ምን እንደማጣ ገብቶኝ ነበር። አባቴ ሌላ ፎቶግራፍ አልነበረውም። ያች ግማሽ ፊት ስትሸፈን፣ ውስጤ ደግሞ የሚተካት አልነበረም።

«አንዱን ልተወው?» አልኋት። «ለእኔ ብቻ።»

«አንዱ ከቀረ እኅቱ ታገኘዋለች። ሁሉንም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦ «ከፋህ?»

«አልከፋኝም።»

መሪጌታ ከቤታቸው ቁራጭ ብራናና ቀለም አስመጡ፤ ብራናውን በፎቶግራፉ ልክ አሥራ ሁለት ቦታ ቆረጡት። መሣል ከመጀመራቸው በፊት ጠየቁ።

«ቅንድቡ ይገናኛል?» አሉ ወደ እኔ።

አላውቅም ነበር። ወደ እናቴ አየሁ።

«አይገናኝም» አለች እናቴ፣ እኔን ሳታየኝ።

«ጢሙስ? እስከ ጆሮው ነው?»

«ከጆሮው ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምር። በአገጩ ላይ ሸብቷል።»

«ግራ ዓይኑንስ? ሞራውን ላድርገው ወይስ ልተወው?»

እናቴ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «ይተዉት። እዚያ ሲደርስ ድኗል።»

መሪጌታ ሣሉት። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ አመሻሹ ላይ አሥራ ሁለቱም መደቡ ላይ ተደረደሩ። ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ዙሪያቸውን ቀይ መስመር። የዳዊቶቻቸው መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁሉ ይመስሉ ነበር። ሙጫውን እኔው ሠራሁ። እያንዳንዱን ገጽ አምስት እየከፈትሁ፣ ብራናውን ከፎቶግራፉ ጠርዝ ጋር እያስተካከልሁ፣ በአውራ ጣቴ እየተጫንሁ ለጠፍሁ። የመጨረሻውን ስለጥፍ የሚታየው ዓይን እኔን አላየኝም፤ ወደ ነፋሱ ነበር የሚያይ።

በተዝካሩ ቀን መጽሐፎቹ ታደሉ። ሰዎቹ ተቀብለው ይስሟቸዋል፣ ግንባራቸውን ያስነካሉ። አንድ ሽማግሌ አምስተኛውን ገጽ ለጎናቸው ሰው እያሳዩ «ቁርጥ እሱ» አሉ። የአባቴ እኅት የራሷን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ መጥታ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና «ይህንስ አበጀህ» አለችኝ። ባዶውን አራተኛ ገጽ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ጠላ እየቀዳሁ እመላለስ ነበር።

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አስተማሪው ወደ አገሩ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ደቡብ መዛወሩን ሰማሁ። የፊልሙን ነገር ሳልጠይቀው ቀረሁ። ፊልሙ አብሮት ሄዷል።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ቤት ባስዋለን አንድ ከሰዓት፣ የራሴን ቅጅ ከፈትሁ። የዱቄት ሙጫ በእንፋሎት እንደሚለቅ አውቃለሁ፤ ፖስታ እንዲህ ሲከፈት አይቻለሁ። ውኃ የፈላበትን ድስት ክዳን አንሥቼ ገጹን ከላዩ ያዝሁት። ብራናው ከጠርዙ መነሣት ጀመረ። ቀስ እያልሁ ሳብሁት። ወጣ። የፎቶግራፉ ወረቀት ግን ርሶ ነበር፤ ሥዕሉ የተቀመጠበት ስስ ቆዳ ከሙጫው ጋር አብሮ ተላጠ። ላይዳው በቦታው ነው። ገለባው በቦታው ነው። ፊቱ የነበረበት ነጭ ወረቀት ሆኗል። ብራናውን ገለበጥሁት፤ ጀርባው ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ነበር፤ ስነካው በጣቴ ላይ ወጣ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ድስቱንም እጄንም አየች። አልተቆጣችኝም።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ፊቱን።»

«አንተ ዘንድ አልነበረም?»

«ጠፍቶኛል» አልኋት። «ካረፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው የጠፋኝ።» ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ድስቱን አውርዳ ክዳኑን መለሰችና አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የረጠበውን ቅጅ ከእጄ ወስዳ ጎኗ ላይ አኖረችው።

«ከየት ልጀምርልህ?»

«ከግራው በኩል።»

«ግራው» አለች፣ የራሷን ግራ ጉንጭ በመዳፏ እየያዘች። «ሞራው እንደሚሉት ነጭ አልነበረም። ሰማያዊ ቢጤ ነው፤ አዲስ የተወለደ ጥጃ ዓይን አይተሃል? እንደዚያ። ነፋስ ሲመታው ያነባ ነበር። ደኅናው አያነባም። ከቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለ፤ እንጨት ሲፈልጥ ፍንጣሪ መትቶት ነው፤ ያኔ ገና አላገባኝም። ጉንጩ በዚያ በኩል ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጥርሱ ወልቆ።»

በተናገረች ቁጥር ያለችውን በቦታው ለማስቀመጥ ሞከርሁ። ጠባሳው ተቀመጠ። ጉንጩ ተቀመጠ። ዓይኑ ገና ነበር።

«ሌላስ?» አልኋት።

አሰበች። ዝናቡ ጣራው ላይ ይወርዳል።

«በዚያ ጎኑ ሲተኛ ነበር የሚያንኮራፋ» አለች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች። «በቀኙ ከተኛ ድምፁም አይሰማ። ስንት ሌሊት ገፍቼ አዙሬዋለሁ። አይነቃም፤ ‹እሺ› ይልና ዓይኑን ሳይገልጥ ይዞራል።»

«ሌላስ?»